«መድኃኒቱን ስጠው፤ ሥርዓቱን ለእኛ ተወው»

በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ በጤና መኮንንነት በምሠራበት ተመላላሽ ክፍል፣ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሆድ ቁርጠት ደጋግሞ ይመጣ ነበር። ባልደረቦቼ የሰገራ ምርመራው ንጹሕ መሆኑን፣ የትል መድኃኒትም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም እንደ ተሰጠው ካርዱ ላይ ጽፈዋል። ልጁ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከቤት በሚያመጣው ስንቅ የሚማር ነው።

የቱ ጋ እንደሚያመው ስጠይቀው በጣቱ አንድ ቦታ ከማመልከት ይልቅ መዳፉን በሙሉ እምብርቱ ላይ አሳረፈ። ሕመሙ ከእንቅልፍ አይቀሰቅሰውም፤ አያስመልሰውም፤ ቅዳሜና እሑድ አገር ቤት ሲሆን ይተወዋል፤ ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ሲያነሣ ይጀምረዋል። ሆዱን ልዳስስ ሸሚዙን ስገልጥ ጎኑ በልዟል፤ ክብደቱም ካርዱ ላይ ከሰፈረው ቀንሷል። አብሮት የመጣውን ጓደኛውን ውጭ እንዲጠብቀው ነግሬ «ትምህርት ቤት የሚያስቸግርህ ሰው አለ?» አልሁት። ብዙ ቆይቶ ተናገረ። በዕድሜ ከፍ ያሉ ልጆች በቁምጣውና በኮንጎ ጫማው ሲሳለቁበት ከርመው፣ አሁን እሑድ ማታ መንገድ ላይ እየጠበቁ ዳቦውንና በሶውን ይቀሙታል፤ ከተናገረ ደግሞ እንደሚደበድቡት ዝተውበታል። ስለዚህ ግማሹ ሕመም ፍርሃት፣ ግማሹ ረኃብ ነበር። አእምሮና አንጀት በነርቭና በሆርሞን የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ በፍርሃት የሚኖር ልጅ ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሆዱን በእውነት ያመዋል፤ እያስመሰለ አይደለም።

ልጁን አስፈቅጄ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድሁ። የተማሪዎችን ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደሩ በአክብሮት ተቀብለው፣ ወንበር ሰጥተው፣ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ዶክተር፣ ልጅ ከልጅ ይላፋል። እኛም ተመትተን ነው ያደግን፤ ምን ሆንን? አንተ መድኃኒቱን ስጠው፤ ሥርዓቱን ለእኛ ተወው።»

ይህ ንግግር ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም እርሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚሉትንም ከልባቸው ያምኑበታል። ልፊያማ እኩያ ከእኩያው የሚጫወተው ነው። በስዊድን ተወልዶ በኖርዌይ የሠራው ተመራማሪ ዳን ኦልዌየስ ጥቃቱን ከልፊያ የለየባቸው ምልክቶች ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና የጉልበት አለመመጣጠኑ ናቸው፤ ሦስቱም በዚህ ልጅ ላይ ነበሩ። «መምህር፣ ምን እንደ ሆንን እኮ ተጠንቷል» ብዬ የእንግሊዞቹን ጥናት ነገርኋቸው፦ በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተወለዱ ሰዎችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከታተለው ጥናት፣ በ7 እና በ11 ዓመታቸው በእኩዮቻቸው አዘውትረው ይጠቁ የነበሩት 45 ዓመት ሲሞላቸው እንኳ ለድባቴና ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው እንዳገኛቸው። ዩኒስኮም በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ዙሪያ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ እንደ ተጠቃ ጨምሬ አስረዳኋቸው። «እንግዲህ እናያለን» ብለው ደወል ሊያስደውሉ ተነሡ።

ጉዳዩን ከልቧ የያዘችው ስም ጠሪ መምህርቱ ናት። ልጁን ከደብዳቢዎቹ ፊት አቁማ «ታረቁ» አላለችም፤ እንዲህ ያለው ዕርቅ ደካማውን ይበልጥ ያጋልጠዋልና፣ እነርሱን አንድ በአንድ ለየብቻ አነጋገረች፤ ወላጆቻቸውንም አስጠራች። እሑድ ማታ ከመናኸሪያ የሚቀበሉት ሁለት የክፍል ጓደኞችም መደበችለት።

አባቱ በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ መጡ። ሰው በልቶት እንደ ሆነ ብለው ጠበል አስጠምቀውት ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ወደ ልጁ ዞረው «አንተ፣ ለምን አልነገርኸኝም?» አሉት።

«ትምህርቱን ተወውና ከብት ጠብቅ ትለኛለህ ብዬ ነው» አለ።

አባት መልስ አልነበራቸውም፤ ቆይተው «አልልህም ነበር» ሲሉ ግን ድምፃቸው እርግጠኛ አልነበረም። የሚፈራው ደብዳቢዎቹን ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንቁ መቀማቱ ቀርቶ ክብደቱ ተመልሷል፤ ቁርጠቱ ግን በፈተና ሰሞን አሁንም ብቅ ይልበታል። ዩኒት ሊደሩም ሆዱን ያመመውን ተማሪ ዛሬም በፈቃድ ወረቀት ወደ እኔ ይልካሉ። እኔም እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሳልጠይቅ መድኃኒት አላዝዝም፤ የሚያስቸግረው ሰው ካለና ከፈቀደልኝ፣ በዚያው ወረቀት ጀርባ ጽፌ ለስም ጠሪው መምህር እልካለሁ።