ሙት የሚያስነሳው ማሽን

ዛሬ ከሰዓት ጅማ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቡና ቤት ተጠለልን። አንዱ ወጣት ስልኩን ከፍቶ «ሙት የሚያስነሳ ማሽን ተሠራ እኮ!» አለ። ነርስ መሆኔን ስለሚያውቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ማሽኑ ኤክሞ ይባላል። ሙት አያስነሳም! ደሙን በወፍራም ቱቦ ከትልቅ የደም ሥር ይስባል። ደሙ ሰው ሠራሽ ሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጥሎ ኦክስጅን ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ልብም ከደከመ ደሙ የሚመለሰው በደም ቅዳ በኩል ነው።

«ከቬንትሌተር በምን ይለያል?» አሉኝ አንዲት እናት። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ቬንትሌተር የሚባለው የመተንፈሻ ማሽን አየር ወደ ሳንባ ይገፋል እንጂ የሚሠራው ያው የታመመው ሳንባ ነው። ኤክሞ ሳንባውን ያሳርፈዋል። በሽታውን ግን አያድንም፣ ለሐኪሙና ለሰውነት ጊዜ ይሰጣል እንጂ።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ በአደጋ የተጎዳ ወጣት፣ በ1975 ደግሞ አንዲት አራስ ሕፃን በዚህ ዘዴ ተርፈዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ቪዲዮዎቹ የዳነውን ብቻ ማሳየታቸው ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ራሱ ያደማል። ኢንፌክሽን አለ። ሌት ተቀን ከታማሚው የማይለይ የሠለጠነ ቡድን ይፈልጋል። የመዳን ተስፋ ለሌለው በሽታ ደግሞ አይደረግም። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ መሬት ሸጦ ውጭ አገር ልሂድ ቢልስ?

ዝናቡ ሲያባራ እናትየው «ነገ ደግሞ ስለ ኩላሊት እጥበት ታስረጂኛለሽ» ብለውኝ ሄዱ።