የወደቡ ሞዴል

ሰሞኑን ምንም ነገር ደስ አልል ብሎኝ ሰንብቷል፤ ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እህቴ «ባሕር ብታዪ ይቀልልሻል» ብላ ይዛኝ የሄደችው ግን፣ ከባሕር ሁሉ መርጣ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ወዳለችው አሮማንሽ ነው። እዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ የቆመ የጦርነት ሙዚየም አለ፤ የተባበሩት ኃይሎች እ.ኤ.አ. በጁን 6 ቀን 1944 የፈረንሳይን ዳርቻ ከረገጡ በኋላ ሰው ሠራሽ ወደብ የገጣጠሙት እዚሁ ፊት ለፊት ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ሲኬድ ከንፈር መምጠጥ ወግ ስለሆነ ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ያስቆመኝ ግን የወደቡ ሞዴል ሆነ። አራት የብረት እግሮች የባሕሩን ወለል ረግጠው ቆመዋል፤ መድረኩ ግን ከእግሮቹ ጋር ተጣብቆ የቀረ አይደለም፤ ውኃው ሲሞላ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲጎድልም አብሮት ይወርዳል። ከመድረኩ እስከ የብስ ድረስ በተንሳፋፊዎች ላይ የተዘረጋ የብረት መንገድ አለ፤ ሞገድ ሲያነሣው እየተለመጠ አብሮ ይነሣል። እህቴ ሙዚየሙን ዞራ ጨርሳ ስትመለስ እኔ እዚያው ነበርኩ።

በኦገስት 1942 ዲዬፕ በተባለችው የፈረንሳይ ወደብ ላይ የተሞከረው ወረራ ብዙ ሰው ካስፈጀ በኋላ፣ በጀርመኖች የሚጠበቅ ወደብን በቀጥታ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ሆነ፤ ስለዚህ ወደቡን ራሱን በቁርጥራጭ እንግሊዝ አገር ሠርተው በመርከብ እየጎተቱ አመጡት። እንዲህ ከተሠሩት ሁለት ወደቦች የአሜሪካኖቹን የጁን 1944 ማዕበል ሰባበረው፤ የአሮማንሹ ግን ተረፈ፣ ግዙፎቹ የኮንክሪት ሣጥኖችም ዛሬ ድረስ ከውኃው ብቅ ብለው ይታያሉ። ቸርችል ገና በሜይ 1942 በጻፈው ማስታወሻ፣ መድረኮቹ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ማለት እንዳለባቸው ካዘዘ በኋላ፣ ክርክር እንደማይፈልግና ችግሮቹ ራሳቸው እንደሚከራከሩ አክሎ ነበር።

ከኖርማንዲ ያስኮበለለኝ ይህ ስም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሰውየው ስም የሚጠራው ጎዳና ላይ የቴዎድሮስ አደባባይ አለ፤ አደባባዩ ላይ ደግሞ የሴባስቶፖል አምሳያ። ዐፄ ቴዎድሮስ በኦክቶበር 1867 መድፉን እየጎተቱ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ በዚያው ወር የእንግሊዝ ግንባር ቀደም ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዙላ ላይ እየወረደ ነበር። ንጉሡ በዋድላና በደላንታ ገደል፣ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ሲያስጠርጉ፣ እነዚያ የመርከብ መድረክ ሠሩ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ የባሕሩን ውኃ እያጣሩ ጠጡ፣ መድፍ የሚሸከሙ ዝሆኖችንም ከሕንድ አስመጡ። ስለ መቅደላው ሽጉጥ ከልጅነታችን ጀምሮ ተነግሮናል፤ ስለ ዙላው መድረክ ግን ትምህርት ቤት የነገረኝ ሰው አላስታውስም፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግማሹ ጦርነት ያለቀው እዚያ ነው።

ያስጨነቀኝ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሮማንሽ ላይ የወረደው ጦር ፈረንሳይን ነፃ ለማውጣት ስለሄደ ብልሃቱን ያለ ሐሳብ አደነቅሁለት። ዙላ ላይ የወረደው እስረኞቹን አስፈትቶ፣ መቅደላን ዘርፎና አቃጥሎ ተመለሰ። ስንቅ የማስላቱ፣ ውኃ የማሰቡ፣ ጭነት የማራገፉ ጥበብ ግን ያው ነው፤ ታዲያ እዚህ ያስደነቀኝ እዚያ ሊያስቆጣኝ ይገባል? ወይስ መሐንዲሱን ከላኪው ለይቼ ማየት እችላለሁ?

ማታ ጋሼ ዘንድ ደውዬ ይህንኑ በሰፊው አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡኝና «መጀመሪያ አንቺ የቆምሽው የትኛው ዳርቻ ላይ እንደሆነ ንገሪኝ» አሉኝ፤ ፓሪስ መመለሴን እያወቁ። መልስ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።