ቅዳሜን በፒያሳ

ዛሬ ከታሪክ ወዳጆች ማኅበር ጋር ፒያሳን በእግር ስንዞር ዋልን። ጫማዬ ገደለኝ እንጂ አሪፍ ቀን ነበር!

ስንት ዓመት በታክሲ ያለፍኩትን የምኒልክ ሐውልት ዛሬ ገና ቆሜ አየሁት። የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ነው፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው። ከነጻነት በኋላ ተቆፍሮ ወጣና ቦታው ላይ ቆመ።

ከዚያ ቡና። የድሮ ፎቶ ያለው ይዞ ይምጣ ተብሎ ነበር። አንዲት እናት ከነጠላቸው ሥር አንድ ፎቶ አወጡ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እዚያው ሐውልት ሥር ቆመዋል። ልጆቹ ስካን ሊያደርጉት እጃቸውን ሲዘረጉ «እዚሁ እጄ ላይ አንሱት፣ አላስነካም!» አሉ። በሳቅ ሞትን።

ቤት እንደገባሁ እማዬን የአያቴ አልበም የት እንዳለ ጠየቅኳት። ቁም ሳጥኑ ላይ ነው አለች። አቧራው ግን!