ጀርባው ላይ ያገኘሁት ፕላስተር ብቻ ነው

ዛሬ አጎቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ወገቡ አካባቢ አንዱ የአከርካሪ አጥንት ተሰብሯል። ይባስ ብሎ አንዲት የአጥንት ስባሪ ወደ ኋላ ተገፍታ ነርቭ ተጭናለች። እግሩን ያደነዘዘችው እሷ ናት።

ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ያየሁት ትናንሽ ፕላስተሮች ብቻ!

ዶክተሩ ቁጭ ብሎ አስረዳን። በተለመደው ቀዶ ጥገና አጥንቱ ጋ ለመድረስ ጡንቻው ከአከርካሪው ተላቆ ወደ ጎን ይሳባል። በኋላ ክፉኛ ከሚያሳምሙት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። በኢንዶስኮፕ ሲሆን ግን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ ካሜራና መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል። የጨው ውሃ ያለማቋረጥ እየፈሰሰ ደሙን ያጥባል፤ እይታውን ያጠራል። ሐኪሙ ስክሪን እያየ ስባሪዋን ይለቅማል። አጥንቱን ደግፈው የሚይዙት ብሎኖችም በኤክስሬይ እየተመሩ በሌሎች ትናንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ። (ኢንዶስኮፑ ነርቩን ነፃ ያወጣል እንጂ ብቻውን ስብራት አያጸናም።)

አክስቴ አላስቻላትም። "ዶክተር፣ ታዲያ ለሁሉም ለምን እንዲህ አትሠሩም?"

"አጥንቱ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ክፉኛ ከደቀቀ ሰፊው ቀዶ ጥገና ይሻላል። ጭራሽ ቀዶ ጥገና የማያስፈልገው ስብራትም አለ" አላት። ደስ አለኝ። ሙያውን እንደ ሸቀጥ አላሻሻጠም።

ድንዛዜው ገና አልለቀቀውም፤ ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው ተብለናል። አጎቴ ግን "መቼ ነው የምወጣው?" እያለ ከአሁኑ ነርሶቹን ማድረቅ ጀምሯል 😄