«እርስዎ ቡድንዎን እንዴት ይመሩታል?»

ዛሬ ምንም አልሆንኩም። ዝም ብሎ ደብሮኛል። ሰኔ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት ዝናቡ ይጀምራል፣ መብራት ይሄዳል፣ እኔም ቁጭ ብዬ ስለራሴ ማሰብ እጀምራለሁ። ይሄ ደግሞ ለማንም ጤና አይደለም።

በዚያ ላይ የራስ ምዘና ቅጽ አለብኝ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስለሆነ ቡድን መሪ የተባለ ሁሉ ሰኔ 30 ሳይደርስ ራሱን ከ1 እስከ 5 መዝኖ ለሰው ኃይል ይልካል። ቅጹ «እርስዎ» ይለኛል። እርስዎ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ቤት አንቺ ነኝ፣ ቢሮም አንቺ ነኝ። ታክሲ ላይ ዘንድሮ «እናቴ» መባል ጀምሬያለሁ፣ እሱን ለሌላ ቀን።

«እርስዎ የቡድንዎን አባላት ሐሳብ በጥሞና ያዳምጣሉ?»

4 ልሞላ አልኩና ቆምኩ። በጥሞና የሚያዳምጥና ዝም ያለ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። እኔ ስብሰባ ላይ ዝም ስል አንዳንዴ የምር እየሰማሁ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ልጆቹን ዛሬ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣቸው እያሰብኩ ነው። ፊቴ ግን አይለወጥም። በዚህ ፊት የተነሳ ቢሮ ውስጥ «እሷ ሰው ትሰማለች» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ስሙን አልጠላሁትም። 4 ግን ይገባዋል?

ቀጣዩ ይብሳል። «እርስዎ ትሑት ነዎት?» 5 ብሞላ ያው አይደለሁም ማለት ነው። 2 ብሞላ ትሑት እሆናለሁ፣ ግን ጭማሪዬ ይቀራል። 3 ሞላሁ። 3 የሚሞላ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አባቴ የግምገማ ዘመን ሰው ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ሰብሳቢው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ሠራተኛው በየተራ እየተነሳ ራሱን ይተቻል። መጀመሪያ ራስህን ታወርዳለህ፣ ከዚያ ጓዶችህ የቀረህን ያወርዱልሃል። አባቴ እንደሚለው ልምድ ያለው ሰው ጥፋቱን እቤቱ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ጥፋቱ ትልቅ መሆን የለበትም፣ ያስጠይቃል። በጣም ትንሽም መሆን የለበትም፣ «ጓዱ ራሱን አልፈተሸም» ያስብላል። ተመራጩ «ለሥራ ካለኝ ጉጉት የተነሳ አንዳንዴ ትዕግሥት ያንሰኛል» የሚለው ነበር። ዛሬ ለቅጥር የሚመጡ ልጆች «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ስላቸው ይቺኑ ነው የሚመልሱልኝ። «ሥራ ፍጹም ካልሆነ አያስችለኝም» ይላሉ። በግምገማው ዘመን ገና ልጆች ነበሩ፣ ከየት አገኟት?

ቅጹን ትቼ ስልኬን ከፈትኩ። ያ ባለአራት ፊደሉ፣ MBTI የሚሉት የስብዕና ፈተና አለ አይደል፣ ሰውን ሁሉ 16 ቦታ የሚመድበው። እናትና ልጅ የሆኑ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው የስዊሱን የሥነ ልቦና ሊቅ የካርል ዩንግን ሐሳብ ይዘው የሠሩት። ሁለቱም በሥነ ልቦና ትምህርት ያለፉ አልነበሩም፣ ይሄን ሳውቅ ትንሽ ቀረብ አሉኝ። ባለፈው ጠዋት ስሞላው ዝምተኛና አሳቢ ተብዬ ነበር። ዛሬ ስሞላው ተግባቢና ቆራጥ ሆንኩ። በመሀል የተለወጠ ነገር ቢኖር ምሳ መብላቴ ነው።

አያቴ ብትኖር ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ ትል ነበር። የእኛ ኮከብ ቆጣሪ ስምሽንና የእናትሽን ስም ይይዛል፣ ፊደሎቹን በቁጥር ይደምራል፣ ለ12 ይገድፋል፣ የተረፈው ኮከብሽ ነው። እኔ ሑት ነኝ ተብያለሁ፣ ውኃ። ውኃ ገር ነው፣ ግን ሲመጣ አይመለስም አሉኝ። ልጅ ሆኜ ይሄ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። እውነት ለመናገር አሁንም ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው ውጤታቸውን አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ተነገራቸው፣ ለካ ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው። አብዛኛውን የቀዳው ደግሞ መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ይሄን እያወቅኩም «ውኃ» የሚለው ይገልጸኛል እላለሁ። ከእኛ ኮከብ ቆጣሪ የምወድለት ግን አንድ ነገር አለ። ቢያንስ የእናትሽን ስም ይጠይቃል። የሰው ኃይሉ ቅጽ ስለ እናቴ አንድ ጥያቄ የለውም። እሷን ሳይጠይቅ ስለኔ አመራር ምን ሊያውቅ ነው?

ሦስተኛው ገጽ ላይ የአመራር ዘይቤ ይመጣል። «ከሚከተሉት የትኛው እርስዎን ይገልጻል?» ይልና ሦስት ይዘረዝራል። ይቺን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ከሰለጠንነው ስልጠና ነው የማውቃት። ከዚያ ስልጠና የቀረኝ አሳውና ይሄ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት የ10 ዓመት ገደማ ወንድ ልጆችን በቡድን በቡድን አድርገው የእጅ ሥራ ያሠሯቸዋል፣ ጭምብል ምናምን። አንዱ አለቃ እያዘዘ ያሠራል። ሌላው ከልጆቹ ጋር ተመካክሮ ያሠራል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይተዋቸዋል። አስተውሉ፣ ዋናው ነገር የሚመጣው አለቃው ከክፍሉ ሲወጣ ነው። የአዛዡ ልጆች እሱ ሲወጣ ሥራውን ይተዉታል። የአማካሪው ልጆች ይቀጥላሉ።

እዚህ ጋ ነው ሐሳቤ ሄዶ የቀረው። ምክንያቱም እኔ በቅርቡ ከክፍሉ ወጥቼ ነበር።

የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሕግ አውጪው ሰው እንዲያርፍ አስቦ ነው። ሰው ስልኩን አቅፎ ይቀመጣል ብሎ አልጠረጠረም። ስወጣ ለቡድኑ «የሚያጣድፍ ነገር ካለ ደውሉ፣ አትሳቀቁ» አልኳቸው። አንድም ሰው አልደወለም። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድም ጥያቄ አልመጣም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተመስገን አልኩ። ከዚያ ኔትወርክ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴ ጋ ከእቤት ስልክ ደወልኩ። ጠራ።

እቤት ያለው ሰውዬ አየኝና «ቢደውሉ ትናደጂ ነበር፣ አይደለም?» አለኝ።

«እንዴ፣ በደንብ ነዋ!»

«ታዲያ?»

ታዲያውን እስካሁን አልመለስኩለትም።

ስመለስ ሪፖርቱ ሄዷል፣ ደንበኛው መልስ አግኝቷል፣ ያ ስንት ወር የተንጠለጠለው ጉዳይ ሳይቀር አልቋል። እንደ ሌዊን ከሆነ ይሄ የጥሩ አመራር ምልክት ነው፤ አለቃ ወጣ፣ ሥራ ቀጠለ። 5 ሞልቼ መተኛት እችላለሁ። ግን ሌላም መልስ አለው። ድሮም ዝም ብዬ የምተዋቸው ሆኜ መኖሬንም አለመኖሬንም አላስተዋሉት ይሆናል። ሦስተኛም አለ፣ እሱን ማሰብ አልፈልግም። እኔ ስወጣ ሥራው ቀለላቸው የሚለው ነው። ሦስቱም ውጤታቸው አንድ ነው፣ የማይጮህ ስልክ።

የግሩፑ ዝምታ ግን አልተዋጠልኝም። ሰባት ሰዓት ላይ «ምሳ የት ነው?» የማይባልበት ቀን የማናውቅ ሰዎች ነን። ያ ረዥሙ ልጅ ሳይቀልድ ውሎ አያውቅም። ከዚያ ገባኝ። ሌላ ግሩፕ አላቸው።

ይሄን ለማወቅ መጠርጠርም አያስፈልግም። እኛም ነበረን። የድሮ አለቃችን ያለባት ግሩፕ አለች፣ እዚያ «እሺ» እና «እናመሰግናለን» እንልበታለን። እሱ የሌለባት ደግሞ አለች። ሕይወት ያለው እዚያ ነው። ስሟን አልናገርም፣ ሰውዬው አሁንም ስገናኘው አቅፎ ይስመኛል። ስለሱ ያልተባለ አልነበረም። አካሄዱ፣ ኢሜይሉን የሚጀምርበት አጀማመር፣ ሲናደድ ብዕሩን የሚያሽከረክርበት ነገር። ግን ሁሉም ክፉ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከላይ ለመጣ ሰው ጥፋታችንን በራሱ ላይ አድርጎ ሲያወራ ሰምተነው፣ ያን ቀን ግሩፗ ውስጥ ማንም አልቀለደም። ይሄን እሱ አያውቅም። ራሱን በዚያ ዓመት ስንት እንደሞላ እንጃ፣ የእኛን ግሩፕ ቢያነብ ግን ከየትኛውም ቅጽ ይልቅ ራሱን ያውቅ ነበር። ለነገሩ ካነበባት በኋላ ጠዋት ተነስቶ ሥራ ይገባ ነበር ወይ?

እኔስ? አሁን አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ አንብቢ» ቢለኝ?

የምወስደው ይመስለኛል። እስከ ሁለተኛው መስመር አንብቤ የምመልሰው ይመስለኛል።

እቴቴ ትዝ አለችኝ። የእናቴ ታላቅ እህት፣ ያው ታውቋታላችሁ። በዘመድ ድግስ ሁሉ ጓዳውን የምትመራው እሷ ነበረች። ድንኳኑ ከተተከለ ጀምሮ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። እጇ ማማሰያ አይነካም። ስንት ኪሎ ሽንኩርት ለስንት ሰው እንደሚበቃ በዓይኗ ትለካለች። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ ይዛ የተጠጋችን ሴት አንድ ጊዜ ነው የምታያት፣ ሁለተኛ አያስፈልግም። የማን ቤት እንጀራ ለሙሽሮቹ እንደሚቀርብ፣ የማን ደግሞ ከኋላ ለመጣ እንደሚቀርብ የምትወስነው እሷ ናት። ይሄ ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ በሱ የተነሳ ለዓመት የተኳረፉ አሉ። ከሌዊን ሦስቱ የቷ እንደሆነች መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ቅቤው የሚገባበትን ሰዓት ደግሞ ለማንም ነግራ አታውቅም።

የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ግፊቷ ተነሳና ሐኪም «አትነሺ» አላት። ዘመድ ሁሉ ጉድ ፈላ አለ። ከዚያ ወጡ ተሠራ፣ ሰው በላ፣ እንዲያውም ተረፈ። ማታ እናቴ አንድ ሳህን ይዛላት ገባች፣ እኔ ተከትያታለሁ። እቴቴ ቀመሰችና «ጨው አንሶታል» አለች። ጨው አላነሰውም፣ ሁላችንም በልተነዋል። እናቴ ምንም ሳትል ሳህኑን ይዛ ወጣች። ጓዳ ገብታ ትንሽ ቆመች። እንዳለ መልሳ አመጣችላት።

እቴቴ ቀመሰች። «አሁን ገና!»

ያኔ በእቴቴ ስቄ ነበር። አሁን ግን ከፈቃድ ስመለስ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ትዝ ይለኛል። የሄደውን ሪፖርት ከፍቼ የሠንጠረዡ ርዕስ መሀል እንዲሆን አስተያየት ጻፍኩ። ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ «እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሳየው መሀል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ድሮም መሀል ያልነበረ ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም።

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይላሉ። አህያዋስ ቢያንስ ሞታ ነው። እኔ ፈቃድ ወጥቼ ነው።

መብራቱ መጣ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ መሽቷል። ሰው በዚህ ሰዓት ሠራተኞቹን አይረብሽም፣ ይሄን ለራሴም ለሌላውም ስናገር ኖሬያለሁ። ሥራ ግን አይደለም፣ ሰላምታ ነው ብዬ ግሩፓችን ላይ «ሰላም ናችሁ? ዝናቡ እንዴት ነው በእናንተ በኩል?» ብዬ ጻፍኩ። እንዳይከብድ ዣንጥላ ጨመርኩበት።

ረዥሙ ወዲያው አውራ ጣት ላከ። ዝምተኛዋ ልብ ላከች። አዲሱ ልጅ «ሰላም ነን ቦስ፣ እዚህም እየዘነበ ነው» አለ።

ረዥሙ አያት ነው የሚኖረው። ዝምተኛዋ ጀሞ። አዲሱ ልጅ ሱሉልታ። ሦስቱም የመለሱት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። «እዚህ» ያለው የት ነው? አብረው ናቸው እንዴ? ቅዳሜ ማታ፣ እኔን ሳይጠሩኝ?