ረቂቅ በእስክሪብቶ፣ እርማት በኮምፒውተር

ዛሬ የልብ ወለዴን ረቂቅ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ዋልኩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሁልጊዜ በእጄ ነው የምጽፈው፤ ባለ መስመር ደብተርና ሰማያዊ እስክሪብቶ ይበቃኛል። የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ከጭረቱ ሥር ሆኖ ያየኛል፤ ሐሳቤን ብለውጥ መልሼ አነሣዋለሁ። መብራት ጠፋ አልጠፋም ግድ የለኝም።

እርማት ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለታሪኬ ፀሐይ ትባላለች። ኮምፒውተሩን ስሟን ፈልግልኝ ብዬ ባዘው፣ በ«ጸ» የተጻፉትን ፀሐዮች በሙሉ ዘሏቸው አለፈ! የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚለዩበት የጋራ መስፈርት) ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አግኝቷል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ እንደ ሀ እና መ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ በፈላጊው ሳጥን ውስጥ ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሀይ እያልኩ አንድ በአንድ ሳስተካክል ከሰዓቱ አለቀ። (በሌሎች ቃላት ውስጥ ያሉትን ሀ፣ ሐ እና ኀን ገና አልነካኋቸውም።)

ያም ሆኖ ዩኒኮድን አላማም። አንድ ወዳጄ ከዚያ በፊት በነበረ የፊደል ፕሮግራም የጻፈውን ግጥም ሲልክልኝ፣ የተከፈተልኝ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ነበር።

ስለ ውድ የጽሕፈት ፕሮግራሞች የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። ምዕራፍ ማዘዋወሩ ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን አማርኛውን ሳያዛባ የሚያስቀምጥ ተራ ፋይልና በፍላሽ የተያዘ ቅጂ ይበልጥብኛል። እናንተስ በምን ትጽፋላችሁ?