ያለ ጭድ

ጌታ ይባረክ ወገኖች። ይህን ምስክርነት ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ምክንያቱም "ታዘዝኩ፣ ወዲያው በር ተከፈተልኝ" የሚል አይደለም። እኔ ስታዘዝ በሩ ጥርቅም ነው ያለው።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ሰኔ ላይ ሂሳብ ሊዘጋ ሲል አለቃዬ መጥቶ አንድ ፌስታል ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፤ ላልተገዛ ዕቃ የተቆረጠ ደረሰኝ። 15 ከመቶው ቫት እንደተከፈለ ተቆጥሮ ከምንከፍለው እንዲቀነስ ነው ነገሩ። "መዝግቢና ፈርሚ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው" አለኝ። ጀግና ነበርኩ አልልም። ዓምና ሁለት ሦስቱን አይቼ እንዳላየሁ አሳልፌያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጸሎት አልሄድልኝ ብሎ ከርሞ፣ ተንበርክኬ "ጌታዬ፣ ሁለተኛ አልነካም" ብዬው ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ "ይቅርታ፣ ይሄን አልፈርምም" አልኩ። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ።

11 ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ የሱ ደመወዝ ኪራይ ተከፍሎበት ወሩን አያጋምስም። የጋብቻ ወርቄን ሸጥኩ። ያመለከትኩበት ሁሉ "መልቀቂያ አምጪ" ይለኛል፣ መልቀቂያውን ደግሞ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ከለከለኝ። አማቴ "እንግዲህ ጽድቅሽን ቀቅለሽ ልጆችሽን አብያቸዋ!" አሉኝ። ከሳቸው በላይ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "የተደበቀ ኃጢአት ካለ ፈልጊ" ሲሉኝ ነው ያመመኝ። የተባረርኩት እኮ ኃጢአቱን እምቢ ብዬ ነው!

አንድ ረቡዕ ጾም ጸሎት ላይ አንዲት እናት ዘጸአት 5ን አነበቡ። ሙሴ እንደታዘዘው ፈርዖን ፊት ቆመ፤ ፈርዖን ሕዝቡን መልቀቁ ቀርቶ ጭድ ከለከላቸው፣ የጡቡ ቁጥር ግን ያው። እኔ ያደግሁት ወልቂጤ አካባቢ በጭቃ ቤት ነው። አባቴ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ፣ በእግሩ ረግጦ ረግጦ ያሰነብተው ነበር። ጭድ ያነሰው ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የነዚያ ሰዎች ነገር አንጀቴ ገባ። ሙሴ ራሱ ተመልሶ "ስለ ምን ላክኸኝ?" ነው ያለው፤ ጌታም አልተቆጣውም። ያን ቀን ሳላስመስል ጸለይኩ፦ "ታዝዤህ ነው የተራብኩት፣ ታውቃለህ አይደል?"

መልስ የለም። ዝም።

እንጀራ ጋግሬ ለአንድ ምግብ ቤት ማስረከብ ጀመርኩ፣ በቀን 60። አንድ ምሽት 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊገነፍል ደርሷል፣ ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ጠዋት ባዶ እጄን ብሄድ ደንበኛዬን አጣለሁ። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጬ ሥራም፣ ወርቅም፣ መልቀቂያም ሳልለምን "መብራት ብቻ" አልኩት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ሳይጠፋ የተረሳ የጎረቤት ቴሌቪዥን ድንገት ጮኸ፤ መብራት መምጣቱን ያወቅሁት በሱ ነው። እያለቀስኩ ጋገርኩ። 12 ሰዓት ላይ 60ው አለቀ። መብራት እንደሆነ ይሄዳል ይመጣል ትሉኝ ይሆናል፣ በሉ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ማን እንደሰማኝ አውቃለሁ።

እንጀራውን ሳደርስ የምግብ ቤቱ ባለቤት ዓይኔን አይተው "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። አፌን ስከፍት ሁሉም ወጣ፣ ደረሰኙም ጭምር። ሰምተው ሲጨርሱ ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ጎትተው አወጡ። "ሂሳብ የሚሠራልኝ ሰው ሲቦጠቡጠኝ ነው የከረመው። እስቲ እይልኝ" አሉ። መልቀቂያ አልጠየቁኝም።

ደመወዜ ከድሮው በሲሶ ያንሳል። ወርቄ አልተመለሰም። አማቴ እስካሁን አልተዋጠላቸውም። ካርቶኑን ስገለብጥ ግን ከላይ ያገኘሁት የራሴን ወረቀት ነው፤ በእስክሪብቶ "እንጀራ 60፣ ተከፍሏል" ይላል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።